ለረጅም ሰው የሚሆን ወንበር፦ ኮምቦልቻ ያሉት ሰፊዎችና የእኔ ፊያት ስፓይደር

ቁመቴ 1 ሜትር ከ92 ነው። የጫማ ቁጥሬ 46። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ በዚህ ቁመት የተለካ ስለሆነ ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ለዚህ ሥራ አንድ ብር ማውጣት የለበትም። መኪናዋን እንዳለች ይንዳት፣ ፈጣሪውን ያመስግን።

ፍርዴንም ከወዲሁ ልስጥ። ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ወንበር የሚሰፉና የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ሥራቸው አንጀት ያርሳል። ቀጠሯቸው ግን አይታመንም። ሁለቱንም ከነዝርዝሩ አወራችኋለሁ።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። የ1971 (እ.ኤ.አ.) ምርት፣ ባለ 1608 ሲሲ ሞተር። ለማታውቋት፣ የአዲስ አበባን ሰማያዊ ላዳ ታክሲ አስቡ። ሩሲያኖች ላዳን የሠሩት ከፊያት 124 የቤት መኪና ቀድተው ነው። ስፓይደሯም ከዚያው ቤተሰብ ናት፤ ግን ሸራ ጣራ ያላት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቦዲዋን ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን የመኪና ነዳፊ ድርጅት የነደፈላት። በ1966 ቱሪን ላይ ታየች፤ እስከ 1985 ድረስ ተሠራች። ደሴ ውስጥ ጣራዋን ከፍቼ ስነዳት የሰፈር ልጆች "አናት የሌላት መኪና" እያሉ ይሮጣሉ። ከላዳ ጋር መዛመዷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ላዳ ሲጠግን የኖረ መካኒክ አያት ብሎ አይደነግጥም።

ጣሊያኖች ያን ጊዜ መኪና ሲሠሩ ምን ዓይነት ሰው አስበው እንደነበር እንጃ። ፔዳሉ ቅርብ ነው፣ መሪው ሩቅ ነው። እጁ የረዘመ፣ እግሩ ያጠረ ሰው ይመቸዋል። እግሬ እንዲዘረጋ ወደ ኋላ ስሸሽ መሪው አይደረስም። መሪውን ለመያዝ ወደ ፊት ስጠጋ ጉልበቴ ከመሪው ሥር ይወተፋል። ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግራ ጉልበቴ መሪውን ይገጨው ነበር። ሜዳ ላይ ይቻላል። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ሐረጎ ላይ ግን ቀልድ አይደለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ኩርባው ላይ መሪ ስትጠመዝዙ ጉልበታችሁ "ቆይ" ካላችሁ፣ ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ አይቆይም።

የቀድሞው ባለቤትም ረጅም ሰው ነበሩ መሰለኝ፤ አንድ ጋራዥ ኦሪጅናሉን ወንበር አውጥቶ የቪትዝ ወንበር ገጥሞላቸዋል። ወንበሩ ራሱ ምንም አይወጣለትም። ለቪትዝ። ቪትዝ ቁመቷ ከፍ ያለ ስለሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጥባት፤ ወንበሯም ከወለሉ ይርቃል። ስፓይደር ላይ የምትቀመጡት እግራችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ፣ ቂጣችሁ ወለሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው። ጋራዡ ይህን ሳያይ ወንበሩን በአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት ላይ አስቀምጦ፣ ቱቦውን ከወለሉ ላሜራ ጋር በይዶታል። ውጤቱ? የፊት መስታወቱ የላይኛው ፍሬም ልክ ዓይኔ ላይ መጣ። ከሥሩ ለማየት አጎነብሳለሁ፣ ከላዩ ለማየት እንጠራራለሁ። ደሴ ፒያሳ ላይ ከዘመድ ወዳጅ ጋር ሰላም የምባባለው ከመስታወቱ በላይ ነበር። በክረምት ደሴ ላይ ጣራ ሳይዘጋ አይነዳም፤ ጣራውን ስዘጋ ደግሞ አንገቴ ወደ ጎን ይሰበራል።

አዲሶቹን ወንበሮች ያገኘሁት ከሻርጃ ነው። አዲስ ስል ለእኔ አዲስ ማለቴ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይሠራል፤ ሻርጃ ደግሞ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሞላባት ከተማ ናት። የመጀመሪያዋን ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ ፋይቭ ወንበር ፈልግልኝ አልኩት። ከ1989 እስከ 1997 የተሠራችውን። ለምን እሷ? ማዝዳ ያችን መኪና ስታወጣ ዓይኗን የጣለችው በድሮዎቹ የእንግሊዝና የጣሊያን ክፍት መኪናዎች ላይ ነበር። ስለዚህ ወንበሯ ጠባብ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከአሮጌ መኪና ውስጥ ገብቶ አይጨናነቅም። ኤምጂቢ የተባለችው የድሮ የእንግሊዝ ክፍት መኪና ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ወንበር እየፈለጉ ያስገጥማሉ። የራስ መደገፊያው ከጀርባው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱ ወንበር ራስጌው ላይ የድምፅ ማጉያ ቀዳዳ አለው፤ ማጉያውን ግን አንዱ ፈልቅቆ ወስዶታል። ጉዳዬ አይደለም።

ወንበሮቹ በካርጎ መጡ። አሁን የሚገጥም ሰው ጠፋ። ደሴ ላይ የጠየቅኋቸው ሁሉ "እንበይደዋለን" አሉኝ። ብየዳውንማ አይቸዋለሁ። በኋላ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ሂድ አለኝ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ግቢ ነው። ስታዩት ለስፖርት መኪና አትሰጡትም። የዕለት እንጀራቸው የባጃጅ ወንበርና የሚኒባስ መቀመጫ ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር እዚህ ያልፋል። ወገቡን የቆረጠው ሹፌር ወንበሩን ፈትቶ የሚያመጣው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥ ሰው ወገብ ሲሰሙ ነው የሚውሉት። ልዩነታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም "ጋሼ" ይላቸዋል። የሚለኩትና ስፖንጅ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ብየዳው የልጃቸው ነው። ወንበሮቹን ከመኪና አውርጄ ሳሳያቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም።

"ወንበሩ ይደርሳል። መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ" አሉኝ።

የቪትዙን ወንበር አስፈቱ። ምንጣፉን ገለጡ። ባዶው ላሜራ ላይ ቁራጭ ስፖንጆች ደራረቡልኝና አንድ ጣውላ ከጀርባዬ አስደገፉ። "በል ንዳ።" ሞተሩ እንደጠፋ መሪ ያዝኩ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ከአንድ እስከ አምስት ማርሽ ቀየርኩ። እሳቸው በሩ ሥር ተንበርክከው ጉልበቴን ብቻ ያያሉ። አንድ ስፖንጅ ይመዛሉ። "እንደገና።" ጣውላውን ትንሽ ያጋድማሉ። "እንደገና።" መሀል ላይ አንድ የባጃጅ ልጅ መጥቶ "ጋሼ፣ የኔስ?" አላቸው። "አብሽር፣ ይሄን ግመል ላስቀምጥና" አሉት። ሳቅሁ፤ ስፖንጁ ተንሸራተተ፤ እንደገና ጀመርን።

እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። እኔ የመሰለኝ ወንበሩ ዝቅ ካለ ሁሉም ነገር ያልቃል ነበር። ጋሼ በስፖንጁ ያሳዩኝ ሌላ ነው። ወንበሩን ከኋላ ብቻ ዝቅ ስታደርጉት የፊቱ ጠርዝ ጭናችሁን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጉልበት ተመልሶ መሪው ሥር ይገባል። ከፊትም ከኋላም እኩል ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ ጭን በአየር ላይ ይቀራል፤ ረጅም መንገድ ላይ እግር ይደነዝዛል። ስለዚህ ሁለቱም ይወርዳሉ፣ ግን ኋላው ከፊቱ በትንሹ ይበልጣል። ያችን "ትንሽ" ነው ስንፈልግ የቆየነው። ሲያገኟት ከላሜራው ያለውን ከፍታ በበሩ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉና "ወንበሩ እዚህ ካልወረደ አልገጥመውም" አሉኝ።

ቀጥለው ወለሉን መረመሩ። ልጃቸው የድሮውን ቱቦ በግራይንደር ቆርጦ ካነሣ በኋላ ሥሩን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገው። በሹፌሩ በኩል፣ የኋላው ቡሎን ከሚገባበት አጠገብ፣ ካቻቢቴው ያለ ምንም ትግል ወደ ታች አለፈ። መሬቱ ታየኝ። ምንጣፉ ሥር ለዓመታት የተኛ ውሃ ላሜራውን በልቶታል። ወንበሬ ታስሮ የነበረው በቀለምና በዝገት ላይ ነበር ማለት ነው። ክፍት መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት ምንጣፋችሁን ገልጣችሁ እዩ።

ባትሪውን ፈቱ፣ የበሰበሰውን ቆርጠው አወጡ፣ በአዲስ ላሜራ ደፈኑት። አንቲረስት ቀቡት። ወንበሩን ግን ላሜራው ላይ አልበየዱትም። ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ በእያንዳንዱ ቡሎን ትይዩ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት አስገቡ። ግጭት ሲመጣ ቡሎኑ ስስ ላሜራ ቀዶ እንዳይወጣ ጭነቱን የሚበትነው ይህ ብረት ነው። ቡሎን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ጋሼ አናቱን ገልብጠው አዩና መለሱልኝ። "ቁጥር የለውም።" እሳቸው የተጠቀሙት አናቱ ላይ 8.8 የተጻፈበትን ነው፤ ቁጥሩ የብረቱን ጥንካሬ ይናገራል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን በዚህ ላይ አይከራከሩም። ቀበቶውም ከወንበሩ ጋር ሳይሆን ከመኪናዋ ቦዲ ጋር በድሮ ቦታው ታሰረ።

የሚቀጥለው ጥያቄያቸው "ሌላ ሰው ይነዳታል?" የሚል ነበር። ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ሐዲድ ብቻውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላል። ሐዲዱ ከወጣ ወንበሩ ያንኑ ያህል ይወርዳል፤ ግን እንደተተከለ ይቀራል። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ60 ናት። ደውዬ ነገርኳት። "ድሮም አልነዳትም፣ ይንቀሉት" አለች። ተነቀለ። በምትኩ በግራና በቀኝ ደረጃ በደረጃ የተበሳ ብረት ገባ፤ ማስጠጋት ብፈልግ ቡሎን ፈትቼ ቀዳዳ መቀየር ነው። ሙሉ ወንበሩንም ወደ ኋላ ገፉት። ስፓይደር ከኋላ ሁለተኛ መቀመጫ የምትባል ነገር አለቻት፤ ሕፃን እንኳ የሚያማርርባት። እሷን ሠዋናት። ማንም አላለቀሰም።

ስፖንጁ ላይ ስንደርስ ነው ሙያቸውን ያየሁት። የማዝዳዋን ወንበር ረጃጅም ባለቤቶቿ ራሳቸው ስፖንጅ ይቀንሱላታል፤ የታወቀ መላ ነው። ጋሼ ይህን ከማንም አልሰሙም፣ ግን ልብሱን ገፈው መቀመጫውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ ወዲያው ገባቸው። ቀጭን ረጅም ቢላዋ አወጡ። ከመሀል ወደ ኋላ፣ ልክ ቂጥ በሚያርፍበት በኩል፣ እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየላጡ አነሱት። ጎንና ጎኑን አልነኩም፤ ኩርባ ላይ የሚይዘኝ እሱ ነው። በወጣው ምትክ ስስና ጠንካራ ስፖንጅ አነጠፉ። ለስላሳው ስፖንጅ ስትገዙት ደስ ይላል፣ መንገድ ሲረዝም ግን ሰምጦ ብረቱ ላይ ያደርሳችኋል።

ስፖንጅ መቀነስ ወንበሩን ከማውረድ የሚለይበት አንድ ጥቅም አለው። ወንበሩን ስታወርዱ የራስ መደገፊያውም አብሮ ይወርዳል። ስፖንጁን ስትቀንሱ ግን የምትወርዱት እናንተ ናችሁ፤ መደገፊያው ባለበት ይቆያል። ለአማካይ ሰው የተሠራ ወንበር ላይ የእኔ ዓይነቱ ሰው መደገፊያው ማጅራቱ ላይ ይቀርበታል። ከኋላ ቢገጩኝ አንገቴን ሊሰብረው ነው እንጂ ሊያድነው አይደለም። አሁን የጭንቅላቴ ግማሽ ላይ ደርሷል። ትንሽ ከፍ ቢል ደስ ይለኝ ነበር፣ ከዚህ በላይ ግን አልተቻለም።

መሪውንም ቀይሬዋለሁ፤ እሱን የገዛሁት ለብቻው ነው። የድሮው ሰፊ ነው። አዲሱ ከዳር እስከ ዳር 35 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ የሚወጣ ነው። ጉልበቴ የመጨረሻውን ነፃነት ያገኘው በእሱ ነው። ዋጋው ግን ክንድ ነው። ስፓይደር ፓወር ስቲሪንግ የላትም። መሪ ሲጠብ ክብደቱ ይጨምራል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ዳገት ላይ ለማቆም ወዲያና ወዲህ ስል ላብ ያጠምቀኛል። ሲነዳ ግን አይታወቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። "ሐሙስ ና" ማለት ሐሙስ ማለት አይደለም። የትኛው ሐሙስ እንደሆነም አይነግሯችሁም። የባጃጅ ልጅ ዛሬውኑ ሥራ መግባት አለበት፣ የከባድ መኪና ሹፌር ዛሬውኑ መነሣት አለበት፤ አሮጌ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ግን ለመዝናናት እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። ይገባኛል። ግን ንገሩኛ! ስልክ አያነሡም። ሲያነሡም "እየጨረስን ነው" ነው። ስደርስ መኪናዬ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ፣ አንድ ድመት ላይዋ ተኝታ አገኘኋት።

ሁለተኛው ልብሱ ነው። መሀሉን ጨርቅ፣ ዳሩን ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ብያቸው ነበር። ደሴ ላይ ጠዋት ሙሉ ቆዳ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው፤ ጨርቁን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥርት ያለ። ክሩን ግን ሳይጠይቁኝ ቀይ አደረጉት። የሰፋው ወጣት "ስፖርት መኪና ናት ብዬ ነው፣ ወንድሜ" አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ይፈታ አላልኩም፤ ከቀጠሮው ጋር ሌላ ሐሙስ መጨመር ፈራሁ። ባለቤቴ ክሩን ወዳዋለች። እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ሦስተኛው የጀርባውን ማጋደያ ይመለከታል። ወንበሩ ወደ ኋላ ስለሄደ ማጋደያው እጀታ በሩ ሥር ተወትፏል። በሩን ሳትከፍቱ አትደርሱበትም። አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ ስለማትነኩት ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን ሲገጥሙ ማየት ነበረባቸው።

ዋጋ። ብረቱ፣ ስፖንጁ፣ ልብሱና ጉልበቱ ለሹፌሩ ወንበር 19 ሺህ ብር ነው የተቆረጠው። የወለሉ ጥገና መጀመሪያ አልታሰበም ነበር፤ ሲታይ ተጨማሪ 4 ሺህ መጣ። መሪውና ወንበሮቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። ርካሽ አይደለም። ግን ያንን የበሰበሰ ላሜራ አይተው በምንጣፍ መሸፈን ይችሉ ነበር። አልሸፈኑም፤ ጠርተው አሳዩኝ። ለእኔ ከስፌቱም ከስፖንጁም በላይ የሚመዝነው ይሄ ነው።

ከኮምቦልቻ ስወጣ ወደ ደሴ ሐረጎን ሽቅብ ነዳኋት። ጉም ነበር፣ ጣራው ተዘግቷል። አናቴና ሸራው መካከል እጄን በአግድም ማስገባት ቻልኩ። ኩርባ ላይ መሪውን ሙሉ ጠመዘዝኩት፤ ጉልበቴን አልነካም። መስታወቱን በመስታወትነቱ ተጠቀምኩበት። ደሴ ስደርስ ወገቤ ምንም አላለኝም። ግራ ተረከዜ ብቻ ትንሽ ተሰማኝ፤ ፔዳሎቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ 46 ቁጥር ጫማ ፍሬንና ፍሪሲዮንን አንድ ላይ ሊረግጥ ይፈልጋል። እሱ የወንበር ሰሪ ጉዳይ አይደለም። ጠባብ ሶል ያለው ጫማ አድርጌ ነው የምነዳት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ጋሼ የሚለኩት ጠዋት ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላ ሥራው ይቀዘቅዛል። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ በሸበጥ የሄደ ሰው ቁመቱ በትክክል አይለካም። የክሩን ቀለም በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ቅድሚያ ክፍያ ከግማሽ በላይ አትስጡ። የተሳፋሪውን ወንበር ገና አላሠራሁም፤ ከሻርጃ የመጣው ሁለተኛው ወንበር እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ሐሙስ ና ብለውኛል።